አምስት ሰው ከአንድ ቤት፦ ጄኔራል ከስተርና ቤተሰቡ

በሚሺጋን ግዛት፣ ሞንሮ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኢማኑኤልና ማሪያ ከስተር የሚባሉ አዛውንት ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። በ1876 ጁላይ መጀመሪያ ላይ መርዶ ደረሳቸው። ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ሞተዋል። የሴት ልጃቸው ባል ሞቷል። የልጅ ልጃቸውም ሞቷል። አምስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ውጊያ፤ ሊትል ቢግሆርን በሚባል ወንዝ ዳር፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጋር።

(ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሟቾቹ አንዱ ጆርጅ አርምስትሮንግ ከስተር ነው። በአሜሪካ የፈረሰኛ ጦር ታሪክ የእሱን ያህል የተወራለት መኮንን የለም። ግማሹ ጀግና ይለዋል። ግማሹ ዕብሪተኛ፣ ሴትና ሕፃን ያስጨረሰ ሰው ይለዋል። ክርክሩ 150 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ አልበረደም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ መኮንን እንዴት ወንድሞቹን፣ አማቹንና የእህቱን ልጅ በአንድ ሬጅመንት ሰብስቦ ሊሄድ ቻለ? ዝናውስ ከሞተ በኋላ ማን አቆመው? ሁለቱም ጥያቄ የሚወስደን ወደ ቤቱ ነው።

ቤቱ

ከስተር የተወለደው በዲሴምበር 5 ቀን 1839 ኦሃዮ ውስጥ፣ ኒው ራምሊ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ኋላ ገበሬ ሆኗል። አባትም እናትም ቀድመው አግብተው የትዳር አጋር የሞተባቸው ናቸው። ሁለቱም ከፊተኛው ትዳር የወለዷቸውን ይዘው ነው የተጋቡት። የአባት ልጅ፣ የእናት ልጅ፣ የጋራ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር አደገ። ድሆች ነበሩ፤ ግን ሳቅና ተንኮል የሞላበት ቤት ነበር። አባትየው ራሱ ከልጆቹ ጋር የሚታገል፣ ልጆቹም በተራቸው አባታቸውን ማሾፊያ የሚያደርጉ ዓይነት።

ልጁ አርምስትሮንግ የሚለውን ስሙን መጥራት ሲያቅተው «ኦቲ» አለ። ቤተሰቡ እስከ ሞቱ ድረስ ኦቲ ብሎ ቀረ። ከእሱ በኋላ ኔቪን፣ ቶም፣ ቦስተንና ማርጋሬት ተወለዱ። ማርጋሬትን ማጊ ይሏታል። ስሞቹን ያዙልኝ፣ እንመለስባቸዋለን።

ሊዲያ የእናቱ የፊተኛ ትዳር ልጅ ናት። ለኦቲ ከእህትነት አልፋ እንደ ሁለተኛ እናት ነበረች። አግብታ ሞንሮ ስትገባ እሱም እየሄደ እሷ ዘንድ ይኖር፣ እዚያው ይማር ነበር። ሞንሮ የከስተር ከተማ የሆነችው በሊዲያ በኩል ነው። የፍቅር ታሪኩም የተጀመረው እዚያ ነው።

ከክፍሉ የመጨረሻው

በ1857 ዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ገባ። በ1861 ሲመረቅ ከ34 ተመራቂ 34ኛ ወጣ። በአራት ዓመት ውስጥ 726 የጥፋት ነጥብ ተመዝግቦበታል። ዘግይቶ መድረስ፣ ፀጉር አለመቆረጥ፣ በሰልፍ ላይ መቀለድ፣ ምን ያልሠራው አለ? ምርቃቱ ባለፈ በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ ሁለት ተማሪዎች ሲደባደቡ ማስቆም ሲገባው ቆሞ አይቷል ተብሎ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥራው እዚያው ባለቀ ነበር። ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈንድቷል፤ ሰሜኑ መኮንን አጥሮታል። በተግሣጽ አለፉትና ላኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት ለማመን ይቸግራል። በ1863 ጁን መጨረሻ ላይ መቶ አለቃ የነበረው ልጅ በአንድ ጊዜ ብርጋዴር ጄኔራል ተባለ። ዕድሜው 23 ነው። ጥቁር ከፋይ ላይ የወርቅ ጥልፍ ያለበት ልብስ አሰፋ፤ አንገቱ ላይ ቀይ ክራቫት አሰረ። ሌሎች መኮንኖች ሳቁበት። ከቀናት በኋላ በጌቲስበርግ ከሚሺጋን ፈረሰኞች ፊት ቀድሞ ሲጋልብ ያዩት ወታደሮቹ ግን አልሳቁም፤ እነሱም ቀይ ክራቫት ማሰር ጀመሩ። ከኋላ ሆኖ የሚያዝ ሰው አልነበረም። ፈረሶች ከሥሩ እየተመቱ ወደቁ፤ እሱን ግን ጥይቱ ሳተው። «የከስተር ዕድል» የሚባል አነጋገር ከዚህ ነው የመጣው። ራሱም አምኖበት ነበር፤ ጣጣው እዚያ ላይ ነው።

የዳኛው ልጅ

ሊቢ፣ ሙሉ ስሟ ኤልዛቤት ቤከን፣ የሞንሮ ዳኛ የነበሩት የዳንኤል ቤከን ልጅ ናት። እህት ወንድሞቿ በልጅነት ሞተዋል። እናቷም እሷ 12 ዓመት ሲሞላት አረፈች። ለአባቷ የቀረች አንድ ዓይን ነበረች። የቀጥቃጭ ልጅ፣ ያውም ወታደር፣ ያችን ልጅ ለማግባት ሲያስብ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አይከብድም።

ነገሩን ያባሰው ከስተር ራሱ ነው። በ1861 መኸር ለዕረፍት ሞንሮ መጥቶ ክፉኛ ሰከረ። በዳኛው ቤት ፊት ለፊት እየተንገዳገደ አለፈ። ዳኛውም ሊቢም አዩት። ትንሽ ከተማ ናትና ሊዲያም ሰማች። ክፍል አስገብታ እስኪበቃው ገሠጸችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠጥ ላይቀምስ ማለላት። ቃሉን ጠበቀ። በየድንኳኑ ዊስኪ እንደ ውኃ በሚወርድበት ጦር ውስጥ እሱ አይጠጣም ነበር። ቁማር ግን አልተወም። ጥሬ ሽንኩርትም እንደ ፖም እየገመጠ ይበላ ነበር፤ ሊቢ ይህን እንዴት እንደቻለችው እሷ ታውቃለች።

ጄኔራል ሲሆን ዳኛው ልባቸው ራራ። በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1864 ሞንሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጋቡ። ሊቢ ቤት ሆኖ መጠበቅን እንቢ አለች። በተቻላት መጠን ወደ ጦር ሰፈሩ ትከተለው ነበር። ቤቱን የምትይዘው ኢላይዛ ብራውን ነበረች፤ በጦርነቱ ጊዜ ከባርነት ወጥታ ለከስተር ምግብ ማብሰል የጀመረች ጥቁር ሴት። ጦርነቱ አልቆም ለዓመታት አብራቸው ዞራለች። ጄኔራሉን ፊት ለፊት የምትቆጣው እሷ ነበረች ይባላል።

በ1865 ኤፕሪል የደቡቡ ጄኔራል ሊ እጁን ሰጠ። የስምምነቱ ሰነድ የተጻፈባትን ትንሽ ጠረጴዛ የከስተር አለቃ ጄኔራል ሸሪዳን በ20 ዶላር ገዛት። ለሊቢ ስጦታ አድርጎ በከስተር እጅ ላከላት። ለዚህ ቀን መምጣት የባልሽን ያህል የሠራ የለም ማለት ይቻላል የሚል ደብዳቤም ጨመረበት። ጠረጴዛዋ ሊቢ እስክትሞት ድረስ የእሷ ንብረት ነበረች።

ጄኔራሉ እንዴት ሌተና ኮሎኔል ሆነ?

ብዙ አንባቢ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። በጦርነቱ ማብቂያ ሜጀር ጄኔራል ነው። ከዚያ ሻምበል ይባላል። ሲሞት ሌተና ኮሎኔል ነው። ሆኖም ሁሉም ሰው «ጄኔራል» ይለዋል። ተሻረ ማለት ነው? አልተሻረም።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ሁለት ጦር ነበራት ብላችሁ አስቡ። አንዱ ትንሹ መደበኛ ጦር ነው፤ በሰላሙም ጊዜ ያለ። ሌላው ለጦርነቱ ብቻ የተሰበሰበው የበጎ ፈቃደኞች ጦር ነው። አንድ መኮንን በሁለቱ ሁለት የተለያየ ማዕረግ ሊኖረው ይችላል። ከስተር በበጎ ፈቃደኞቹ ሜጀር ጄኔራል፣ በመደበኛው ሻምበል ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ የበጎ ፈቃደኞቹ ጦር ተበተነ፤ ጄኔራልነቱም አብሮ ሄደ። በዚህ ላይ የክብር ማዕረግ የሚባል ሦስተኛ ነገር አለ። ለጀብዱ ይሰጣል፤ ደመወዙንም ሥልጣኑንም ግን እምብዛም አይለውጥም። ሰው በወግ «ጄኔራል» እያለ የሚጠራው በዚህኛው ነው።

ጦርነቱ ያበቃባቸው መኮንኖች ሥራ ፍለጋ ዓለምን ዞሩ። ለከስተር የሜክሲኮው የሁዋሬዝ መንግሥት 16 ሺህ ዶላር በወርቅ ሊከፍለው ጠይቆት ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ ከለከለው። ሌሎቹ ግብፅ ወረዱ፣ ለኸዲቭ እስማኤል ተቀጠሩ። የእኛ አንባቢ እነዚህን ያውቃቸዋል። በ1876 ማርች ጉራዕ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋር በተዋጋው የግብፅ ጦር ውስጥ አሜሪካውያን መኮንኖች ነበሩ። ከአዛዡ ከራቲብ ፓሻ ቀጥሎ የነበረው አንድ እጁን ሜክሲኮ ላይ ያጣው የደቡቡ ጄኔራል ዊሊያም ሎሪንግ ነው። ጉራዕና የከስተር ሞት በአንድ ዓመት፣ በአራት ወር እንኳ በማይሞላ ልዩነት የሆኑ ናቸው። ከአንድ ጦርነት የወጡ ሰዎች፣ በሁለት አህጉር፣ የሌላ ሰው መሬት ላይ ተሸነፉ።

ከስተር ግን አገሩ ቀረ። በ1866 አዲስ ለተቋቋመው 7ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት ሌተና ኮሎኔል ሆነ። በወረቀት ምክትል ነው። ኮሎኔሎቹ ብዙውን ጊዜ በሌላ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ በሜዳ የሚያዘው እሱ ነበር።

ሬጅመንቱ ቤት ሲሆን

ከስተር ዘመድ ወዳድ ነበር። ይህን በደግም በክፉም ውሰዱት። በጦርነቱ ወቅት ታናሽ ወንድሙን ቶምን ከኦሃዮ እግረኛ ጦር አዛውሮ ረዳቱ አደረገው። ቶም ልጅ ቢሆንም እሳት የላሰ ነበር። በ1865 ኤፕሪል በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ የጠላት ባንዲራ ማረከ። በሁለተኛው ፊቱን በጥይት ተመትቶ ደሙ እየወረደ ነው። ለሁለቱም የአሜሪካን ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። ከዚያ 7ኛው ፈረሰኛ ገባ። አባታቸውንም ከስተር ከጦርነቱ በኋላ ቴክሳስ ወስዶ የፈረስ መኖ ኃላፊ አድርጎት ነበር።

በ1872 እህቱ ማጊ ጄምስ ካልሁን የሚባል መልከ መልካም መቶ አለቃ አገባች። እሱም በዚያው ሬጅመንት ነው። የካልሁን እህት ደግሞ ማይልስ ሞይላን የሚባል የዚሁ ሬጅመንት መኮንን አግብታለች። ደረተ ቀጭኑ ቦስተን ወታደር ባይሆንም በመኖ ኃላፊነትና በመንገድ መሪነት ተቀጠረ። ዳኮታ ውስጥ ባለው ፎርት ሊንከን የከስተር ቤት ማታ ማታ ሙዚቃ፣ ጨዋታና ቀልድ ነበር። ኔቪን ብቻ ቀረ። ቁርጥማት ስለነበረበት ጦር አልተቀበለውም፤ ሞንሮ አጠገብ ያርሳል።

ለቤተ ዘመዱ ይህ ገነት ነው። ለሌላው መኮንን ግን እንዲያ አልነበረም። ሬጅመንቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የከስተር ቤት ሰዎች አሉ፤ የማይወዱት አሉ። ከማይወዱት ፊት ያለው ሻምበል ፍሬድሪክ ቤንቲን ነው። ቂሙ የጠነከረው በ1868 ነው፤ አሁን ወደዚያ እንሂድ።

ዋሺታ

መጀመሪያ 1867 አለ። ከስተር በካንሳስ ሜዳ ላይ ዘመቻ ሳለ ሊቢ ትናፍቀዋለች፤ ታማ ይሆን ብሎም ይሰጋል። የጦር ሰፈሩን ትቶ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ በፈረስ ጋለበ፤ ከዚያ በባቡር ደረሰላት። ከጉዞው በፊት ደግሞ የከዱ ወታደሮች ያለ ፍርድ እንዲተኮስባቸው አዝዟል፤ አንዱ ሞቷል። ወታደራዊ ፍርድ ቤት ለአንድ ዓመት ከማዕረግና ከደመወዝ አገደው። ሊቢ ግን እሱ የደረሰላትን ቀን ከዓመታት በኋላ ስትጽፍ በሕይወቷ ፍጹም የነበረ ቀን አድርጋ ነው። እንግዲህ ፍቅርም ዲሲፕሊንም አንድ ላይ ሲገቡ እንዲህ ነው።

ዓመቱ ሳይሞላ ሸሪዳን ጠራው። በኖቬምበር 27 ቀን 1868 ጎህ ሲቀድ 7ኛው ፈረሰኛ በዋሺታ ወንዝ ዳር የሰፈረውን፣ ከነባሩ ሕዝብ የሆኑትን የሻየኖችን መንደር ከአራት አቅጣጫ ከበበ። በረዶ ነበር፤ ሰው ተኝቷል። መንደሩ የብላክ ኬትል ነው፤ ከነጮች ጋር ሰላም ይሻለናል ሲል የኖረ ሽማግሌ። እሱና ሚስቱ ወንዙን ሲሻገሩ ተገደሉ። ከስተር 103 ተዋጊ ገደልኩ ብሎ ሪፖርት አደረገ። ሻየኖቹ ቁጥሩ ከዚያ በጣም ያንሳል፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው ይላሉ። 53 ሴቶችና ሕፃናት ተማረኩ። ከ800 በላይ ፈረስና በቅሎ ተጨፈጨፈ። ለሜዳው ሕዝብ ፈረስ ማለት ለገበሬ በሬ ማለት ነው።

በዚያ ቀን ሻለቃ ኤሊየት ከጥቂት ወታደሮች ጋር የሚሸሹትን ተከትሎ ጠፋ። ከስተር ብዙ ሳይፈልጋቸው ለቆ ወጣ። ሁሉም ተገድለው ነበር። ቤንቲን ይህን እስከ ሞቱ ይቅር አላለም።

ከምርኮኞቹ መካከል ሞናሴታ የምትባል ወጣት ነበረች። አባቷ እዚያው ዋሺታ ላይ ተገድሏል። ከስተር በአስተርጓሚነትና በመንገድ መሪነት ለወራት ይዟት ዞረ። የሻየን አፈ ታሪክ ሚስቱ ነበረች፣ ልጅም ወልዳለታለች ይላል። ቤንቲንም ግንኙነት ነበራቸው ብሎ ከሷል። ከስተርና ሊቢ ልጅ አልነበራቸውም።

በ1869 ጸደይ ከስተር ወደ ሌላ የሻየን ሰፈር ገባ፤ ለዕርቅ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ፒፓ አጨሰ። ሲያበቃ የሻየኖቹ ቅዱሳት ፍላጻዎች ጠባቂ የፒፓውን አመድ ቦቲው ላይ አራገፈው። ሻየኖቹ እንደሚናገሩት ትርጉሙ ግልጽ ነበር፦ ዳግም ብትወጋን እንዲህ አመድ ትሆናለህ።

ወርቅ

በ1868 የተፈረመው የፎርት ላራሚ ውል ብላክ ሂልስ የሚባለውን ተራራማ አገር ለሌላው ነባር ሕዝብ፣ ለላኮታዎች ሰጥቶ ነበር። በ1874 ከስተር ከሺህ በላይ ሰው ይዞ ገባበት። ከወታደሩ ጋር ማዕድን አዋቂዎች ነበሩ። ወርቅ ተገኘ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ቆፋሪው ጎረፈ። መንግሥት መሬቱን ሊገዛ ሞከረ፤ ላኮታዎች አንሸጥም አሉ። ከዚያ በ1876 ጃንዋሪ መጨረሻ ከተመደበው ቦታ ውጭ የተገኘ ሁሉ ጠላት ነው ተባለ። የጦርነቱ ሥር ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ማወሳሰብ አያስፈልግም። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ በሕገ ወጥ መንገድ ተወስዷል ብሎ ከነወለዱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ፈርዷል። ላኮታዎች የሚገኙበት የሲዩ ሕዝብ ገንዘቡን አልነካም፤ መሬታችንን ነው የምንፈልገው ብሏል።

ከስተር ከዘመቻው ሊቀር ምንም አልቀረውም። ዋሽንግተን ተጠርቶ ስለ ጦር ሚኒስትሩ ሙስና መስክሯል፤ የፕሬዚዳንት ግራንትንም ወንድም ስም አንስቷል። ግራንት ተቆጥተው አገዱት። አለቃው ጄኔራል ቴሪ አማለደው። በሜይ 17 ሬጅመንቱ ከፎርት ሊንከን ወጣ። ሊቢና ማጊ የመጀመሪያውን ቀን አብረው ጋልበው፣ አድረው ተመለሱ።

ከመንገድ ላይ ከስተር ለሊቢ የጻፈው አንድ ደብዳቤ አለ። ቦስተን ከፈረሱ ሰኮና ድንጋይ ለማውጣት ወረደ። ከስተርና ቶም ሹልክ ብለው ኮረብታ ጀርባ ተደበቁ። ከዚያ በራሱ ላይ አሳልፈው ተኮሱ። ቦስተን «ቀይ ሕንዶች» መጡ ብሎ ፈረሱን ኮርኩሮ ወደ ሠራዊቱ ፈረጠጠ። ሁለቱ በሳቅ ሞቱ። አንዱ 36፣ አንዱ 31 ዓመቱ ነው።

ጁን 25

ሊትል ቢግሆርን ዛሬ ሞንታና ውስጥ ያለ ጠመዝማዛ ወንዝ ነው። ዳር ለዳሩ ላኮታ፣ ሻየንና አራፓሆ ሰፍረዋል፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው። ከስተር የፈራው መሸነፍን አልነበረም። እንዳያመልጡት ነው የፈራው። የታየን መስሎት ዕለቱን ለማጥቃት ወሰነ። ሬጅመንቱ 12 ሻምበል ጦር አለው። ሦስቱን ለሻለቃ ሬኖ፣ ሦስቱን ለቤንቲን ሰጠ፣ አንዱን ለስንቅና ጥይት ጥበቃ ተወ፣ አምስቱን ራሱ ያዘ። ዋሺታ ላይ የሠራለት ዘዴ ነው። እዚህ ግን መንደሩ ነቅቷል፤ ተዋጊውም እጅግ ይበዛል።

ሬኖ በደቡብ በኩል ገባ። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች መካከል የላኮታው አለቃ ጎል ሁለት ሚስቶችና ሦስት ልጆች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ሬኖ ተመትቶ ወደ ኮረብታ ሸሸ። ከስተር ከወንዙ ማዶ በሰሜን በኩል እየሄደ ለቤንቲን ብጣሽ ወረቀት ላከ፤ ትልቅ መንደር ነው፣ ቶሎ ና፣ ጥይቱን አምጣ። መልእክተኛው ጆቫኒ ማርቲኒ የሚባል ጣሊያናዊ ጥሩንባ ነፊ ነው። እንግሊዝኛው ገና ነው።

ማርቲኒ ወደ ኋላ ሲጋልብ አንድ ሰው ወደ ፊት ሲጋልብ አገኘው። ቦስተን ነው። ፈረስ ሊቀይር ወደ ስንቁ ተመልሶ ነበር፤ አሁን ወንድሞቹ ዘንድ ለመድረስ ቸኩሏል። የት ናቸው? አለው። ማርቲኒ በእጁ አመለከተው። ቦስተን ሄደ።

ቤንቲን ሬኖ ዘንድ ሲደርስ እዚያው ቀረ። ለምን አልሄደም የሚለው ክርክር ዛሬም አለ። ቂሙ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሬኖን በዚያ ሁኔታ ትቶ ቢያልፍ ሌላ ዕልቂት ይሆን ነበር ከሚሉት ጋር ነኝ። የከስተር አምስት ሻምበል ጦር፣ 210 ሰው ገደማ፣ አንድም አልተረፈም።

ከሁለት ቀን በኋላ ሬሳው ተገኘ። ከስተር ደረቱንና ጆሮ ግንዱን ተመትቷል። ቶም አጠገቡ ነው፤ እንዳይሆን ሆኖ ስለነበር የለዩት ክንዱ ላይ በተነቀሰው የስሙ ፊደል ነው። ቦስተንና የሊዲያ ልጅ ኦቲ ሪድ ዝቅ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነበሩ። ኦቲ ሪድ 18 ዓመቱ ነው። በአጎቱ ስም የተጠራ፣ ለክረምቱ አገር ሊያይ መጥቶ የጦሩን ከብት ለመንዳት የተቀጠረ ልጅ። ካልሁን ከወታደሮቹ ጋር ራሱን በቻለ ኮረብታ ላይ ወድቋል። ሞይላን ከሬኖ ጋር ስለነበር ተረፈ።

ሻየኖቹ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ሁለት ሴቶች ከስተርን አውቀውት በወስፌ ጆሮውን በሱት ይላሉ። በቁሙ አልሰማም፣ አመዱን ረስቷል፤ አሁን ይስማ ብለው።

ሻርፕ አምጡልኝ

ቁስለኛ የጫነች መርከብ ወደ ፎርት ሊንከን 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወንዝ በ54 ሰዓት ወረደች። በጁላይ 6 ንጋት መኮንኖች የሊቢን በር አንኳኩ። ሙቀት ነው። ሰምታ ሻርፕ አምጡልኝ አለች። ብርድ ብርድ ብሏታል። ከዚያ መርዶ ነጋሪዎቹን ተከትላ ወደ ሌሎቹ ሚስቶች ቤት ሄደች፤ የአዛዥ ሚስት ናትና። ማጊ ደግሞ ከኋላቸው ሮጣ ለእኔ የተላከ መልእክት የለም ወይ ብላ ጠየቀች። ባሏን፣ ሦስት ወንድሞቿንና የእህቷን ልጅ ያጣች ናት።

ሊቢ 34 ዓመቷ ነበር። ባሏ በአክሲዮን ግብይት ተዘፍቆ ዕዳ ጥሎባታል። ጡረታዋ መጀመሪያ በወር 30 ዶላር ነበር። ኒው ዮርክ ሄዳ ሴቶች የእጅ ሥራቸውን የሚሸጡበት ማኅበር ውስጥ ጸሐፊ ሆነች። በ1885፣ በ1887 እና በ1890 ሦስት መጽሐፍ አወጣች። ከከተማ ከተማ እየዞረች ንግግር አደረገች። መጽሐፎቿ ውስጥ ከስተር ቀልደኛ፣ አፍቃሪ፣ እንከን የሌለው ባል ነው። በ1879 ዌስት ፖይንት ያቆመውን ሐውልት አስቀያሚ ነው ብላ ታግላ አስወርዳዋለች። በ1910 ሞንሮ የቆመውን ግን ፕሬዚዳንት ታፍት ባሉበት ራሷ ገለጠችው።

በሕይወት የተረፉት መኮንኖች ብዙ የሚሉት ነበራቸው። ግን ባልቴት ላይ ማን አፉን ያነሣል? ብዙዎቹ እሷ እስክትሞት እንጠብቅ አሉ። እሷ ቀበረቻቸው። ሊቢ ያረፈችው በኤፕሪል 4 ቀን 1933 ነው፤ 91 ዓመት ሊሞላት አራት ቀን ቀርቷት። ባሏን የሚተቸው ጽሑፍ በብዛት መውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቦታው ራሱ በከስተር ስም መጠራቱ የቀረው በ1991 ነው፤ አሁን የሊትል ቢግሆርን ጦር ሜዳ ይባላል። የነባሩ ሕዝብ መታሰቢያም በ2003 ተመርቆበታል።

ማጊ አልቅሳ ብቻ አልቀረችም፤ በአደባባይ ግጥምና ጽሑፍ አንባቢ ሆነች፣ የሚሺጋን ግዛት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊም ነበረች። አባትየው ከኔቪን ጋር እርሻው ላይ ኖሮ በ1892 ሞተ። ዛሬ የዚያ ቤት የከስተር ስም ያላቸው ሰዎች የሚወርዱት ጦር አይሆንም ካለው ከኔቪን ነው።

አንድ ቀን የወደቁት አምስቱ በአንድ ቦታ አልተቀበሩም። ከስተር በ1877 ኒው ዮርክ፣ ዌስት ፖይንት አርፏል፤ ሊቢ አጠገቡ ናት። ቶምና ካልሁን ካንሳስ፣ ፎርት ሌቨንወርዝ ናቸው። ቦስተንና ልጅ ኦቲን ቤተሰቡ ወደ ሞንሮ መልሶ ቀብሯቸዋል።